የግንቡ ላብ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

«ግድቡ ሞቷል» አለኝ።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ቤተ ዘመድ አልተጠራ፣ «እስቲ ቁጭ በይ» አልተባልኩ። ጎንበስ ብዬ ፓፓያዬን ስኮተኩት መጥቶ ከአናቴ በላይ ቆመና፣ «ወይዘሮ ወይንሸት፣ ግድቡ እኮ ሞቷል። ረቡዕ ማሽን ገብቶ ይከፍተዋል። እንዲያውቁት ብዬ ነው» ብሎኝ አረፈው።

ኢንጂነር ናትናኤል ይባላል። ልጅ እግር ነው፤ የከተማው ውኃ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ካመጣው ገና መንፈቅ አልሞላውም። በዚህ ቃጠሎ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይሄዳል። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ድሬዳዋ ውስጥ አንተና አንቺ ነው እንጂ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ እርስዎ ያለህ ሰው አንድ ነገር ሊወስድብህ ነው።

«ማን ገደለው?» አልኩት።

ማስረዳት ጀመረ። ግንቡ እስከ አፉ በአሸዋ ተሞልቷል። ውኃ አይዝም። ድንጋዩ አርጅቷል። በክረምት ትልቅ ጎርፍ ከኋላ ቢገፋው አንዴ ተደርምሶ ከነአሸዋው ከተማው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይጠና በማሽን ቀስ አድርጎ መክፈት ይሻላል። «ነዋሪውም ሐሙስ ዕለት በስብሰባ ተስማምቷል» ብሎ ጨረሰ።

ሐሙስ እኔ ቀፊራ ገበያ ማንጎ እየሸጥኩ ነበር። ነዋሪ ሲባል እኔን ይጨምር እንደሆነ እንጃ።

ነገ መሥሪያ ቤቱ እሄዳለሁ። ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ክርክሬን እዚህ ላሰናዳው።

ግንቡ ወደ ሐርላ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ቋጥኝ ተራሮች ትከሻ ለትከሻ ሊገጥሙ ትንሽ በቀራቸው ገደል ውስጥ። ባቡር በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ለባቡሩ ውኃ ተብሎ ተሠራ። ያሠሩት ፈረንጆች ናቸው፣ ድንጋዩን የጠረቡት ግን የእኛው ሰዎች ናቸው። አባቴ የግንቡ ዘበኛ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጀርባው ሐይቅ ነበር፤ አባቴ እንዳልዋኝ ሲያባርረኝ ነው የኖረው። አሁን አሸዋ ነው። ፍየል ትሄድበታለች።

ከግንቡ እግር ግን፣ ድንጋይ ከድንጋይ በሚገናኝበት፣ ዓመት እስከ ዓመት ውኃ አለ። ይወርዳል እንዳልል አይወርድም፤ ያልበዋል። የግንቡ ላብ እንለዋለን። አባቴ ማንጎውን፣ ዘይቱኑን፣ ጊሽጣውን የተከለው በዚያ ላብ ነው። እኔም ከዚያች ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ግንቡ ሲከፈት አሸዋው ይሄዳል። አሸዋው ሲሄድ ላቡ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የእኔ ማንጎዎች ማገዶ ናቸው።

የሞተ ሰው ያልበዋል እንዴ? ይህን ነበር ልለው የሚገባኝ። መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ኢንጂነሩ አይደለም፤ ኢዶ ፋዱማ ናት፤ ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ነው፣ ለአክብሮት። ከግንቡ በላይ ፍየልና ግመል ታረባለች፣ ወተቷን ቀፊራ ታወርዳለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ሴት። ስብሰባው ላይ «ከአሸዋው ሥር ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ተነስታ «አፈር ብቻ» ያለችው እሷ ናት አሉ፤ ሲጨበጨብም አብራ አጨብጭባለች። ሐሙስ ማታ ነው ወሬው የደረሰኝ። ዓርብ ለዓረፋ እንደ ልማዷ ሐልዋ ላከችልኝ። ሳህኑን እንደተሸፈነ መለስኩት። በሕይወቴ ሐልዋ መልሼ አላውቅም፤ ጣቴን እንኳ አልላስኩም።

ዛሬ የሰኔ ጾም ገባ። ጾምና ንዴት ባንድ ቀን፣ እግዜር ይርዳኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

መሥሪያ ቤቱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ። ጸሐፊዋ ሻይ ላይ። ሥራው ላይ የተገኘው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ሥራው እኔን አለማስገባት ሆነ። በሩ ፊት ለፊት ጥላዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ኃላፊው ሲወጣ መኪናው በር ላይ ያዝኩት።

«እናቴ፣» አለኝ፣ «ኅብረተሰቡ ራሱ ከሥሩ አፈር ብቻ ነው ብሏል። ከኅብረተሰቡ በላይ ነኝ ነው የምትይኝ?»

ያሰናዳሁት ክርክር ሁሉ ጠፋብኝ። በፋዱማ አፍ ዘጉኝ። ቤት ገብቼ ማልቀስ አማረኝ፤ ከማለቅስ ልጣላ ብዬ በባጃጅ ወደ ቀፊራ ሄድኩ። «እትዬ፣ ተረጋጊ እንጂ አቦ» አለኝ ባለባጃጁ። ለካ ድምፄን አውጥቼ እያወራሁ ነው።

ፋዱማ ከወተት ጄሪካኖቿ ኋላ ተቀምጣለች። ገና ስታየኝ ለጎረቤቷ በሶማሊኛ፣ «ሐልዋዬን የመለሰችው መጣች» አለች፤ እንድሰማው ነው።

«ፋዱማ» አልኳት፣ ኢዶውን ትቼ። «አፈር ነው ብለሽ ግንቡን አስፈረድሽበት አይደል?»

«አፈር?»

«አፈር!»

«እኔ አፈር መቼ አልኩ? ናያ ወይኒ፣ ፀሐይ መታሽ? ጀማል በኦሮምኛ ጠየቀ፣ እኔም በኦሮምኛ መለስኩ። ጀላ ቢዮ ቆፋ አልኩት። ቢዮ! ቢዮ!» ጄሪካን ከምታጥብበት ባልዲ በጣሳ ጨልፋ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። «ይሄ አፈር ነው?»

ጣሳውን ከእጇ ተቀበልኩ።

እኛ ድሬዎች አንዱን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምረን በሶማሊኛ እንጨርሰውና በአማርኛ እንስቃለን። ማንም ልብ አይለውም። «ጀላ» ኦሮምኛ ነው፣ ከሥር። «ቆፋ» ኦሮምኛ ነው፣ ብቻ። መሃል የገባችው «ቢዮ» ግን የፋዱማ የእናቷ ቋንቋ ናት፤ በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። ጀማል ደግሞ የቀበሌው አስተርጓሚ፣ የኦሮሞ ልጅ ነው። ግራና ቀኙ ኦሮምኛ ስለሆነ መሃሉንም በኦሮምኛ ሰማው። በኦሮምኛ ቢዮ አፈር ነው። ላዩ አሸዋ ሆኖ ለሚታይ ነገር «ከሥሩም አፈር ብቻ ነው» ቢባል ማን ይጠራጠራል? «ከሥሩ ውኃ ብቻ» ያለች ሴት «ከሥሩ አፈር ብቻ» ተብላ ተተረጎመች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው።

(ለመሆኑ እዚህ አጠገባችን ያለው ቀበሌ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ስሙ የየትኛው ቢዮ ነው? ይህን ካነሳን ዓመት አይበቃንም።)

«እሺ፣ ሲያጨበጭቡ አንቺስ ለምን አጨበጨብሽ?» አልኳት።

«ጀማል በአማርኛ ያለውን መቼ ሰማሁ! ውኃ አለ ስላልኩ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነዋ!»

ያን ጊዜ ሳቅ ቀደመኝ። እሷም ሳቀች፣ ጎረቤቷም ሳቀች። ቁጭ አልኩ። ሐልዋው እንዳለ ጠየቅኳት። «ለፍየል ሰጠሁት» ብላ ዋሸችና ከቅርጫቷ ሥር አወጣችው። ቅቤ የለበትም፣ ዘይት ነው አለች። ካለበትም ኃጢአቱ የፋዱማ ነው።

ግን ነገ ረቡዕ ነው። ማሽኑ ነገ ይገባል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሰውነቴ ሁሉ ተቀጥቅጧል፤ ደስ ብሎኛል።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግንብ የሚያፈርስ ሰው አልተወለደም። ፀሐዩ አለ፤ ከፀሐዩም በላይ በርጫ አለ። የማሽን ሠራተኛ ጫቱ የሚደርስበት ሰዓት ሲመጣ ከማሽኑ ላይ ይወርዳል፤ ሚኒስትር ቢለምነው አይቆይም። እስከ ስድስት ሰዓት ከያዝኳቸው ቀኑ የእኔ ነው።

በጠዋት ከፋዱማ ጋር ግንቡ አናት ላይ ወጥተን ተቀመጥን። እሷ መሃል፣ እኔ ጠርዝ፤ ከፍታ ስለምትፈራ። ጥላ፣ ውኃ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ፉል፣ ሁለት ዳቦ። ከታች ማሳዬ ይታያል። ከጀርባዬ አሸዋው። ማሽኑ ገደሉን ይዞ ሲመጣ ድምፁ ከሁለቱ ተራሮች እየተላተመ አሥር ማሽን ይመስል ነበር። አልተነሳሁም።

«ወይዘሮ ወይንሸት፣ እባክዎ ይውረዱ። አደጋ አለው» አለ ኢንጂነሩ ከሥር።

«መጀመሪያ ቋንቋችንን እናስተካክል። ጀማልን ጥራልኝ።»

ጀማል መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ተሳስተሃል ሲሉት ጆሮው ይቀላል። ነገሩን ነገርኩት።

«ቢዮ አፈር ነው፣ ወላሂ! አያቴን ጠይቁ!»

«ቢዮ ውኃ ነው!» አለች ፋዱማ ከላይ። «የእኔንም አያት ጠይቁ!»

ሁለቱም አያቶች አፈር ከሆኑ ቆይተዋል፤ በዚያ በኩል ክርክሩ ሊያልቅ አልቻለም። ጀማል «በኦሮምኛ ጠይቄሽ በሶማሊኛ ለምን ትመልሺያለሽ?» ይላል። ፋዱማ «ኦሮምኛውንስ ለአንተ ብዬ አይደል የተናገርኩት፣ ውለታ ቢስ!» ትላለች። ኢንጂነሩ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ጎን እያየ ላቡን ይጠርጋል። የማሽኑ ሹፌር ሞተሩን አጠፋና ገባበት። «እኔ ኦሮሞ ነኝ፣ ሚስቴ ሶማሌ ናት። ቤት ቢዮ አምጣ ስትለኝ መጀመሪያ ፊቷን ነው የማየው። ከተቆጣች አፈር ነው፣ ከጠማት ውኃ ነው።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። ሲስቅ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ቃል ማስረጃ አይሆነኝም» አለ። «ውኃ ካለ አሳዩኝ።»

«እናሳይሃለን።»

«መቼ?»

መቼ እንደምል ሳላውቅ ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ሻሹን ከአንገቱ ፈታ፣ ወረደ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ኢንጂነሩ ተከትሎት ጥቂት ተራመደና ቆመ። ተመልሶ ወደ እኔ ቀና አለ። «እስከ ዓርብ» አለኝ።

ቀኑ የእኔ ሆነ። አሁን ውኃ ማግኘት ብቻ ነው የቀረው። ብቻ!

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የለም።

ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። እኔ፣ ፋዱማ፣ ሁለት ምራቶቿ። የት እንደሚቆፈር እኔ ነኝ ያሳየሁት። በልጅነቴ ሐይቁ መሃሉ ላይ ነበር የሚጠልቀው፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ። እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም ምራቶቹ ወደ ዳር ሊጀምሩ ሲሉ ተቆጥቼ መለስኳቸው። ፋዱማም አልተከራከረችኝም። በፊት የላይኛው መንደር ሰዎች ለውኃ እዚህ ይቆፍሩ ነበር፣ ግን መንደሩ ቦኖ ከገባለት ወዲህ አካፋ ያነሳ የለም፤ ጎርፍም አሸዋውን በየዓመቱ ያገላብጠዋል።

ደረቅ አሸዋ። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ። ከዚያ ጠጠር። ጉድጓዱ ጎኑ እየተናደ የቆፈርነውን መልሶ ይሞላዋል። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይላሉ፤ አሸዋ ቢቆፍሩትስ ምን ይባላል?

ሹፌሩ ማሽኑ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ፣ «እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ቀይ ባሕር ትደርሻለሽ» አለኝ። ሌላ ቀን ብስቅ ነበር።

ኢንጂነሩ ከሰዓት መጣ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ እፍኝ አሸዋ አነሳ፣ በጣቶቹ መሃል አወረደው። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። «ወይዘሮ ወይንሸት፣ እኔ ማንጎዎን ጠልቼ አይደለም» አለኝ። «ይሄ ግንብ በእኔ ፊርማ ቆሞ ሰው ቢወስድ ምን ብዬ እኖራለሁ?»

«ቤቴ የት እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት።

አያውቅም።

«ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ከዚህ ገደል የሚወርደው ጎርፍ ደቻቱ ገብቶ በእኔ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ግንቡ ቢሄድ መጀመሪያ የሚወስደው እኔን ነው። ጎርፍ ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገረኝ።»

ከቁጢጡ ተነሳ። ያልጠበቀው መልስ ነው። እኔም ሳልጠብቀው ነው ከአፌ የወጣው፤ እስከ ዛሬ እንዲያ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። ፈርቻለሁ። ለማንጎዎቹ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቢሆንስ? ግንቡ በእርግጥ ሞቶ፣ እኔ እንደ እብድ ሬሳ ታቅፌ ቢሆንስ? መዳፌ ተልጧል፤ እስክሪብቶ መያዝ እንኳ ያመኛል። ነገ ግን እሄዳለሁ። ሬሳም ቢሆን በወጉ ይቀበራል እንጂ በማሽን አይጎተትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ውኃ! ውኃ! ውኃ!

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ስደርስ ጀማል ቀድሞኝ ነበር። ሽርጥ ታጥቆ፣ በላስቲክ ጫማ፣ አካፋ ይዞ። ሰላም አላለኝም፤ ቀና ብሎም አላየኝም። «ከጁምዓ በፊት ነው ጊዜ ያለኝ» ብቻ አለ። ጆሮው ቀልቷል። እኔም ፉሌን አካፈልኩት።

የትናንቱን ጉድጓድ ልንቀጥል ስንል ኢንጂነሩ ከማሳዬ በኩል ወጣ። በጠዋት መጥቶ የግንቡን እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዳብስ ቆይቷል ለካ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተከፍቷል።

«ላቡ የሚበዛው በስተግራ ጥግ ነው» አለ። «እዚያ ከሆነ የሚወጣው፣ ከኋላውም እዚያው ነው የሚሆነው።»

በየቀኑ ባልዲዬን የምቀዳው ከግራ ጥግ ነው! በየቀኑ! መሃል ላይ ሐይቅ ነበር ብዬ መሃሉን ስቆፍር ዋልኩ። ይህን ለማንም አልናገርም፤ ለዚህ ወረቀት ብቻ።

በግራ ጥግ ጀመርን። ሹፌሩ ትንሽ አየንና፣ «በማንኪያ ባሕር አይጨለፍም» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ግንቡን ሊያፈርስ የመጣው አካፋ ለእኛ ይቆፍር ጀመር። መጀመሪያ አሸዋው ጠቆረ። ቀጥሎ ንቦች መጡ፤ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ እርጥበት ሸቷቸው ጉድጓዱ ጎን ላይ ሰፈሩ። ፋዱማ ንቦቹን ስታይ እጄን ጨበጠችኝ፣ የተላጠውን፤ አልጮህኩም። ሹፌሩ ማሽኑን አቆመ። ጀማል ወርዶ ጎንበስ አለ። ተረከዙ የረገጠበት ቦታ ቀስ እያለ ሞላ።

ሁላችንም ጠርዙ ላይ ተንበረከክን። ሹፌሩ እንኳ።

ከዚያ ፋዱማ እልል አለች፤ ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰላት። ኢንጂነሩ ወረደ፣ በእፍኙ ቀዳ። ይመረምረዋል ስል ጠጣው! «ቀዝቃዛ ነው» አለ፣ እንደ ልጅ ተገርሞ። ሐይቁ አልሄደም። ፀሐዩን ሸሽቶ አሸዋ ለብሶ ተኝቷል እንጂ።

ጀማል ጁምዓ ሊያመልጠው ሲል ሮጠ። ከመሄዱ በፊት ግን ፋዱማን በሶማሊኛ «ይቅር በይኝ፣ ኢዶ» አላት። በሶማሊኛ።

ኢንጂነሩ ስልክ ደውሎ ነገ ዳግመኛ ስብሰባ አስጠራ። ጎርፉ ግን አሁንም ያሳስበዋል፤ ውኃ መኖሩ ብቻውን ግንቡን አያድነውም አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ ግን ይህን አልሰማም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ስብሰባው ግንቡ ሥር፣ በማንጎዎቼ ጥላ። ኃላፊው ራሱ መጣ፤ ወንበር የለም፣ እንደኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀማል ሊያስተረጉም ቆመ፤ ነጭ ካልሲ፣ የተወለወለ ጫማ። ኮስተር ብሎ ፋዱማን በኦሮምኛ ጠየቃት፤ ከአሸዋው ሥር ምን አለ?

ፋዱማ ተነሳች። ሕዝቡን አየች፣ ኃላፊውን አየች። «ጀላ ቢዮ ቆፋ» አለች።

ጀማል ሊተረጉም ወደ ኃላፊው ዞሮ ነበር፤ ተመለሰ። «የቱን ቢዮ?» አላት።

ከጉድጓዱ የቀዳችውን ጄሪካን ከኋላዋ አንስታ ጫማው ላይ ገለበጠችበት። «ይሄን ቢዮ!»

እንዲህ ያለ ሳቅ ያ ገደል ሰምቶ አያውቅም። ጀማል ካልሲው እየተንጨፈጨፈ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ለኃላፊው በአማርኛ ተረጎመ፤ «ከሥሩ ውኃ ብቻ ነው አሉ።»

ኢንጂነሩ ተነስቶ ተናገረ። ከግንቡ ጎን ድሮ የጎርፍ ማስተንፈሻ ቦይ ነበር፣ በናዳ ተደፍኗል፤ እሱ ከተጠረገ ጎርፉ ግንቡን ከመግፋት ይልቅ በዚያ ይሄዳል፣ ለዚህ ክረምት ግንቡ ይቆይ፣ ከዚያ ተጠንቶ ይታይ አለ። ይኸው ልጅ ነው ሰኞ ሞቷል ያለኝ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ፤ «እናቴ፣ ግንቡ አንድ ነገር ቢሆንስ ማን ይጠየቃል?»

«እኔን ጥሩኝ» አልኩት። ዛሬ ምላሴ አልተሳሰረም። «ሩቅ አይደለሁም። ደቻቱ ዳር ነኝ። ግንቡ ከሄደ ከሁላችሁ በፊት እኔ ነኝ የምሄደው፤ ካልሄደ ደግሞ ማንጎ ይዤ ቢሮህ እመጣለሁ። ያን ዘበኛህን ግን ንገርልኝ።»

ቦዩ ይጠረግ ተባለ። ማሽኑ ወዲያው ጀመረ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሹፌሩ አልወረደም! ሰባትም አለፈ። ጫቱን አመጡለት፤ በአንድ እጁ እየቃመ በአንድ እጁ ይሠራል። በዕድሜዬ ያላየሁት ነገር ነው።

ናዳው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቀና ብዬ አየሁ። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በሰኔ መጀመሪያ እንዲህ አይጠቁርም ነበር። ኢንጂነሩም አየ። ሹፌሩ የመጨረሻውን ቋጥኝ ገፍቶ ማሽኑን ከገደሉ አወጣ፣ ሁላችንም ወረድን።

አሁን ቤት ነኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደቻቱ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ሽታው፤ ከዚያ ራሱ። ከጎረቤት ጋር አጥሬ ጋ ቆምን። ሰው ጎርፉ የሚያመጣውን እንጨት ያያል፤ እኔ ድንጋይ ነው የማየው። የተጠረበ ድንጋይ። ያ ከመጣ ሁሉም አብቅቷል ማለት ነው። እስካሁን ቅርንጫፍ፣ ፕላስቲክ፣ አንድ የተገለበጠ በርሜል። አንዴ አራት ማዕዘን ነገር ሲያልፍ አጥሬን ጨበጥኩ፤ ሳጥን ነበር።

ውኃው ገና ከፍ እያለ ነው። ዕቃዬን ከአልጋ በላይ ሰቅያለሁ። ፈርቻለሁ፣ በጣም። ግን አሁን መጥተው ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምላቸው። እኔን ጥሩኝ።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ጎርፉ አጥሬን ነክቶ ተመለሰ። አጥሬን ብቻ።

ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ገደሉ ወጣሁ። መንገዱ ተቆራርጧል፤ ባጃጁ ግማሽ ላይ አወረደኝ፣ ነጠላዬን አሸርጬ በእግሬ ሄድኩ። የመጨረሻውን እጥፋት ከመዞሬ በፊት ቆምኩ። መዞር አቃተኝ። ውኃን ምን ያናግረዋል ድንጋይ ይላሉ፤ የውኃ ድምፅ ይሰማኛል፣ ከየት እንደሆነ ግን አላውቅም። አማተብኩና ዞርኩ።

ቆሟል።

ከአናቱ ድንጋዮች አንዱን ጎርፍ ወስዶታል፤ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኗል። ቦዩ ገና ቡናማ ውኃ ይተፋል። የቆፈርነው ጉድጓድ ተደፍኗል፣ የት እንደነበረም አይታወቅ። ፓፓያዎቼን ሙልጭ አድርጎ ወስዷቸዋል፤ የኮተኮትኩትን ሁሉ። ማንጎዎቹ አሉ። ጊሽጣው አለ። ፋዱማ ግንቡ አናት ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች፤ ያቺ ከፍታ የምትፈራዋ! «ናያ ወይኒ! ሞተሽ ነው የቆየሽው?» አለችኝ።

ግንቡ እግር ሥር ሄጄ በመዳፌ ዳበስኩት። ያኔ ስልኬ ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው።

«እትዬ ወይኒ፣» አለ፣ «ደህና ነሽ? ቤትሽስ?»

ነሽ አለኝ። ድሬ ለመደ ማለት ነው። ደህና ነኝ አልኩት።

«ግንቡስ? ግንቡ እንዴት አደረ?»

ሰኞ ያልመጣልኝ መልስ ዛሬ በጊዜው መጣ። «ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። «የሞተ እንዴት አደረ ይባላል?»

ትንፋሹ ይሰማኛል። እሱም እንደ እኔ ሳይተኛ ነው ያደረው። አንጀቴን በላኝ።

«ደኅና አድሯል፣ ልጄ» አልኩት። «ላብ በላብ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»